ከዳንስ ውድድር ወደ ቴሌቪዥን፦ ኤድ ሰሊቫንና የኒው ዮርኩ «ሐርቨስት ሙን ቦል»

ኤድ ሰሊቫን በአብዛኛው የሚታወሰው ከ1948 እስከ 1971 በመራው የእሑድ ምሽት የቴሌቪዥን ዝግጅት ነው (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ወደዚያ ያደረሰው መንገድ ግን ያለፈው በአንድ የአማተሮች የዳንስ ውድድር በኩል ነው። ይህ ጽሑፍ ውድድሩ በሰሊቫን ሕይወትና ሥራ ውስጥ የነበረውን ስፍራ ይመረምራል።

ሰሊቫን በ1901 በኒው ዮርክ ከተማ፣ በሐርለም ሠፈር፣ ከአይሪሽ ዝርያ ቤተሰብ ተወለደ፤ ያደገው በፖርት ቼስተር ነው። ሥራውን በስፖርት ዘጋቢነት ጀምሮ ኋላ የብሮድዌይ ዓምድ ጸሐፊ ሆነ። ይሠራበት የነበረው «ኢቭኒንግ ግራፊክ» በ1932 ሲዘጋ ወደ «ዴይሊ ኒውስ» ጋዜጣ ተዛወረ።

«ዴይሊ ኒውስ» በ1935 «ሐርቨስት ሙን ቦል» የተባለውን ዓመታዊ ውድድር አቋቋመ። የመጀመሪያው ውድድር በሴንትራል ፓርክ እንዲካሄድ ታስቦ ነበር፤ ሆኖም ከቦታው አቅም በላይ ሕዝብ ስለጎረፈ ለሌላ ቀን ተላልፎ በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ተካሄደ። ከቫልስ፣ ከፎክስትሮት፣ ከታንጎና ከሩምባ ጎን ለሊንዲ ሆፕ የራሱ ዘርፍ ተሰጠው። ሊንዲ ሆፕ በሐርለም ጥቁር ወጣቶች መካከል የተወለደ የስዊንግ ዳንስ ሲሆን፣ ዋና ማዕከሉ በ1926 የተከፈተው የሳቮይ አዳራሽ ነበር። በኸርበርት ዋይት አሰባሳቢነት የሚለማመዱት የሳቮይ ወጣቶች ዘርፉን ተቆጣጠሩት፤ በመጀመሪያው ዓመት ሊዮን ጄምስና ኢዲት ማቲውስ አሸነፉ። ውድድሩ ለብዙዎቹ ወደ ሙያ መሸጋገሪያ በር ሆነ። ያም ሆኖ ጥቁር ዳንሰኞች ጎልተው የወጡት በዚሁ በአንዱ ዘርፍ መሆኑ የዘመኑን የዘር ድንበር ያሳያል።

የመድረኩ መሪ ሰሊቫን ነበር፤ አሸናፊዎቹንም በሎውስ ስቴት ቲያትር በሚያዘጋጀው ትርኢት ያቀርባቸው ነበር። በ1947 ሲቢኤስ ውድድሩን በቴሌቪዥን ሲያስተላልፍ የጣቢያው ባለሥልጣን ዎርዚንግተን ማይነር የሰሊቫንን አመራር ተመለከተ። በሰኔ 1948 «ቶስት ኦቭ ዘ ታውን» የተባለው ዝግጅት ተጀመረ፤ በ1955 በሰሊቫን ስም ተሰየመ። ሰሊቫን አይዘፍንም፣ አይደንስም፤ በካሜራ ፊት መገተሩንም ተቺዎች ነቅፈውበታል። ይሁን እንጂ የዝግጅቱ አካሄድ ከዳንስ ውድድሩ ጋር ይመሳሰላል፦ መሪው ባለተራውን ያስተዋውቃል፣ መድረኩን ይለቅለታል፣ ወዲያው ቀጣዩን ይጠራል።

የመድረኩ በር ለማን ይከፈታል የሚለው ጥያቄም ወደ ቴሌቪዥን ተከትሎት መጣ። በደቡብ ግዛቶች የሚገኙ የስፖንሰሩ አውቶሞቢል ሻጮች ጥቁር አርቲስቶች መቅረባቸውን ሲቃወሙ ሰሊቫን አልተበገረም፤ ናት ኪንግ ኮልንና ኤላ ፊትዝጄራልድን የመሳሰሉትን ማቅረቡን ቀጠለ። ታላቁ የታፕ ዳንሰኛ ቢል ሮቢንሰን በ1949 ያለ ጥሪት ሲሞትም የቀብሩን ወጪ ሸፈነ። በፖለቲካው ረገድ ግን ይህ ጽናት አልታየበትም። በ1950 ዳንሰኛው ፖል ድሬፐር በዝግጅቱ በመቅረቡ፣ ኮሚኒስት ነው በሚል ተቃውሞ ሲነሣ፣ ሰሊቫን ስፖንሰሩን ይቅርታ ጠየቀ፤ ከዚያ በኋላም የአርቲስቶችን የፖለቲካ አቋም ከሚያጣሩ ወገኖች ጋር ተባበረ።

ሰሊቫን በጥቅምት 1974 አረፈ። ሕይወቱ እንደሚያሳየው፣ አስተዋዋቂ የራሱ ጥበብ ባይኖረውም የሌሎች ጥበብ ለሕዝብ እንዲደርስ ወይም እንዳይደርስ የማድረግ ሥልጣን አለው። በዳንሰኞቹ በኩል ሲታይ ይህ ሥልጣን ለሮቢንሰን ክብር፣ ለድሬፐር መገለል ሆኗል።