አባ ሙሴ ጸሊም፦ ከሰው ቁጥር የወጣ የመሰለው አባት

ንባብ፦ መዝሙር 22፥1-11፤ ማርቆስ 5፥1-20

በመካከላችን ሌላው የማይሰማው ድምፅ የሚሰማው ሰው አለ። ድምፁ ይሰድበዋል፤ ርኩስ እንደሆነ፣ ከሰው ጋር መቀመጥ እንደማይገባው ይነግረዋል። ሰፈሩ እብድ ብሎ ሲጠራው፣ ልጆች ድንጋይ ሲወረውሩበት፣ ዘመድ በሰንሰለት ሲያስረው ደግሞ ድምፁ እውነቱን የተናገረ ይመስለዋል። ዛሬ የምናስበው አባት ይህን ስሜት ያውቀዋል።

አባ ሙሴ በ4ኛው መቶ ዘመን በግብፅ የኖረ ኢትዮጵያዊ ነው። ባሪያ ነበር። ጌታው በሌብነቱና በክፋቱ ስላባረረው የሽፍቶች አለቃ ሆነ። አንዴ ቂም የያዘበትን እረኛ ሊገድል ሰይፉን በጥርሱ ነክሶ ዓባይን በዋና ተሻገረ። እረኛው ስላመለጠው አራት በጎቹን አርዶ ተመለሰ። ኋላ ንስሐ ገብቶ በአስቄጥስ በረሃ የመነኮሰው ይኸው ሰው ነው።

መመንኮሱ ግን ዕረፍት አልሰጠውም። የቀድሞ ኑሮው ሌሊት ሌሊት በሕልምና በሐሳብ ይመጣበት ነበር። ስድስት ዓመት ሌሊቱን ቆሞ ጸለየ፤ አልተወውም። ከዚያ በጨለማ እየተነሣ፣ አቅም ላነሳቸው ሽማግሌ መነኮሳት ውኃ ይቀዳላቸው ጀመር። አንድ ሌሊት በጉድጓዱ ዳር ጋኔን በዱላ መታው ይላል ታሪኩ። በማግስቱ እንደ ሞተ ሰው ወድቆ ተገኘ፤ አንድ ዓመትም ታመመ።

አባ ኢሲዶሮስ አልተጠየፈውም። ወደ ቤተ ክርስቲያን አስመጣው። ብርታትም ልክ አለውና ከአቅሙ በላይ እንዳይታገል መከረው፤ ወደ ቅዱስ ቁርባንም ጠራው። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሰገነት ላይ አውጥቶ በምዕራብ የሚዋጉትን፣ በምሥራቅ የሚረዱትን መላእክት አሳየው። የሚረዱት ይበዙ ነበር።

ቅስና ሊቀበል ሲል ሊቀ ጳጳሱ ትሕትናውን ለመፈተን፣ ካህናቱ በቆዳው ጥቁረት ሰድበው ከመቅደስ እንዲያስወጡት አዘዘ። እሱም እየወጣ ለራሱ፣ ሰው ሳይሆን በሰው መካከል ምን እንዳገባው ይናገር ነበር። በሌላ ቀንም አባቶች በጉባኤ እንዲሁ ናቁት። ዝም አለ፤ ሲጠይቁት ግን ልቡ ተረብሾ እንደነበር አልደበቀም። ቅዱስም ቢሆን ያመዋል እኮ!

ትሕትናውን እናደንቃለን። ሆኖም ድምፅ የሚያስጨንቃችሁ ወገኖች፣ ይህን ቃል ስለ ራሳችሁ እንደ እውነት አትቀበሉት። ቤተ ክርስቲያን ለዚህ ቃል የሰጠችው መልስ እጅ ጭናበት ካህን ማድረግ ነው። በ75 ዓመቱ ሲያርፍ 70 ደቀ መዛሙርት ትቶ ነበር። በርበሮች ገዳሙን ሲወሩ ተገደለ፤ ሰኔ 24 ይታሰባል።

በማርቆስ ወንጌል በመቃብር መካከል ይኖር የነበረውን ሰው ሕዝቡ በሰንሰለት ያስረው ነበር። ጌታ ግን ስሙን ጠየቀው። በመጨረሻም ወደ ቤቱ፣ ወደ ወገኖቹ ላከው።

እኛስ? የሚሰማ ድምፅ ሁሉ ጋኔን ነው አንበል። ሕመም አለ፣ የስደት ሐዘን አለ፣ እንቅልፍ ማጣት አለ፣ ጫትም አለ። ወደ ሐኪም እንውሰደው፤ ስለምንጸልይለት መድኃኒቱን አናስጥለው። በሰንሰለት አንሰረው። ቡና ስናፈላ እንጥራው፣ በስሙም እንጥራው። ራሱን ሊጎዳ እንደሚያስብ ከነገረን ብቻውን አንተወው።

ጸሎት፦ አቤቱ፣ በመልክህ የፈጠርከንን አስበን። የሚያስጨንቅ ድምፅ ለሚሰሙ ሁሉ የሚራራ ሰው ድምፅ አሰማቸው፤ ያ ሰው እኛ እንድንሆንም እርዳን። አሜን።