ጉልዬልሞ ማርኮኒና የአየሩ ድርሻ

እንደ ጅቡቲ ነፃ የንግድ ቀጠና ባለ ስፍራ፣ መጋዘን ከመጋዘን ተጠጋግቶ በቆመበት፣ የዋይፋይ ማሰራጫ የሚተክል ባለሙያ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው ነገር አለ፤ ይኸውም የትኛውን ቻናል እንደሚይዝና ስፋቱን ምን ያህል እንደሚያደርገው ነው። ጎረቤቱ የያዘውን ቢደርብ ሁለቱም ይጐዳሉ። ወደ አገራችን የሚገባው ዕቃ አብዛኛው በጅቡቲ ስለሚያልፍ ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ጥያቄው ግን ከዋይፋይ በፊት የነበረ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲታገለው የኖረውም ጉልዬልሞ ማርኮኒ ነው። እኛ መምህራን ይህን ሰው የራዲዮ ፈጣሪ ብለን በአንድ መሥመር እናልፈዋለን፤ ታሪኩ ግን በአንድ መሥመር የሚያልቅ አይደለም።

ማርኮኒ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1874 ዓ.ም. (ከዚህ በታች ያሉት ዘመናትም ሁሉ በዚሁ የተቈጠሩ ናቸው) በኢጣልያ በቦሎኛ ከተማ ተወለደ። አባቱ ባለርስት፣ እናቱም የአየርላንድ ተወላጅ ነበረች። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለመሆን አልበቃም፤ ነገር ግን ሃይንሪሽ ኸርትስ ስላረጋገጠው የኤሌክትሪክ ሞገድ ባነበበ ጊዜ፣ ይህ ኃይል መልእክት ሊያደርስ ይችላል የሚል ሐሳብ አደረበት። በ1895 ከአባቱ ቤት የላከው ምልክት ከኮረብታው ማዶ ደረሰ፤ መድረሱም የታወቀው በጠመንጃ ተኩስ ነበር። በሚከተለው ዓመት ወደ ሎንዶን ሄደ፤ በ1897 ኩባንያ አቆመ፤ በ1901 መጨረሻም ከእንግሊዝ አገር የተላከ አንድ የሞርስ ፊደል አትላንቲክን ተሻግሮ በኒውፋውንድላንድ እንደ ሰማ ለዓለም አስታወቀ።

ብዙ ጊዜ የሚነገረው ይህ ነው። ለእኔ ግን ከዚህ የሚበልጠው በዚያው ዓመት በኒውዮርክ አጠገብ የሆነው ነው። በ1899 በተደረገው የጀልባ እሽቅድምድም ማርኮኒ ብቻውን ስለ ነበረ ወሬውን በጥሩ ሁኔታ አስተላልፎ ነበር። በ1901 ግን ሦስት ተወዳዳሪዎች በአንድ ጊዜ መላክ ጀመሩ። የዘመኑ ማስተላለፊያ በኤሌክትሪክ ብልጭታ የሚሠራ ስለ ነበረ ሞገዱ ተሰብስቦ አይሄድም፤ በሰፊው ይረጫል። አንዱ የሌላውን ቃል ዋጠ፤ በባሕር ዳር የሚጠብቀው ሁሉ ከጕርምርምታ በቀር የሰማው ነገር አልነበረም።

መድኃኒቱን ማርኮኒ ያውቀው ነበር። በ1900 የተሰጠው 7777 ቍጥር የፈጠራ መብት፣ የላኪውና የተቀባዩ መሣሪያ እንደ በገና ጅማት በአንድ ቅኝት ተቃኝተው ሌላውን እንዳይሰሙ የሚያደርግ ነው። ይሁን እንጂ በ1903 ፍሌሚንግ የተባለው ሊቅ በሎንዶን በሕዝብ ፊት ሊያሳይ በተዘጋጀበት ሰዓት፣ ኔቪል ማስክሊን የተባለ የምትሃት ትርኢት አሳዪ ከቅርብ ሆኖ የስድብና የፌዝ መልእክት አስገባበት። ቅኝት ብቻውን አጥር እንዳልሆነ ያን ቀን ታየ።

የመጋዘኑ ባለሙያ ዛሬም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ ብዙ ቻናል ቢቈጠርም፣ ስፋታቸው 20 ሜጋኸርዝ ሲሆን ሳይነካኩ ጎን ለጎን እንዲሠሩ የተለመዱት 1፣ 6ና 11 ናቸው፤ አንዱ ወደ 40 ቢያሰፋ የሁለቱን ያህል ቦታ ይወስዳል። በ5 ጊጋኸርዝ እስከ 80ና 160 ማስፋት ይቻላል፤ ፍጥነቱ ያድጋል፤ ነገር ግን ስፋቱ በእጥፍ ሲጨምር የሚገባው ጕርምርምታም በእጥፍ ይጨምራል፤ ለጎረቤት የሚተርፈውም ያንሳል። ከዚህም ሌላ ከ5 ጊጋኸርዝ ቻናሎች ከፊሎቹ ከራዳር ጋር የጋራ ናቸው፤ ማሰራጫው ራዳር ሲሰማ ለቅቆ መሄድ አለበት። የልዩ ልዩ መንግሥታት የጦር ሰፈር ባለባት በጅቡቲ ይህን መዘንጋት አይገባም።

ማርኮኒ አየሩን መከፋፈል ያስተማረውን ያህል ማካፈል አልወደደም። የኩባንያው ጣቢያዎች በሌላ ሰው መሣሪያ ከሚናገር መርከብ ጋር አንነጋገርም ይሉ ነበር፤ ይህን የከለከለው በ1906 በበርሊን የተደረገው የመንግሥታት ስምምነት ነው። ስለ ቅኝትም ኦሊቨር ሎጅ በ1897 ቀድሞት ነበር፤ ኋላ ኩባንያው የሎጅን መብት በገንዘብ ገዛው። በ1943 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የማርኮኒን የቅኝት መብት ዋና ዋና ክፍሎች የሻረው ሎጅን የመሰሉ ሰዎች ስለ ቀደሙት ነው። በ1909 ከፈርዲናንድ ብራውን ጋር የተካፈለው የኖቤል ሽልማት ግን እንደ ጸና ነው።

ከዚህ የሚቀጥለውን ለኢትዮጵያ ልጆች ማስተማር ይከብዳል፤ መተው ግን አይገባም። ማርኮኒ በ1923 የፋሺስት ፓርቲ አባል ሆነ፤ በ1930 ሙሶሊኒ የኢጣልያ ንጉሣዊ አካዳሚ ፕሬዚዳንት አድርጎ ሾመው፤ በ1935 አገራችን ስትወረርም በውጭ አገር እየዞረ ለወረራው ጠበቃ ሆነ። በግንቦት 1936 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በባቡር ጅቡቲ ወርደው በእንግሊዝ የጦር መርከብ ወደ ስደት ሲሄዱ፣ ያ ዝነኛ ስም የቆመው በወራሪው ወገን ነበር።

በሐምሌ 1937 በሮማ ሞተ። በማግሥቱ በብዙ ስፍራ ያሉ የራዲዮ ጣቢያዎች ለክብሩ ሥራቸውን አቋረጡ፤ ለሁለት ደቂቃም ያህል ማንም ማንንም ሳይደርብ አየሩ ዝም አለ።