ነጋድራሱና የእህቴ ልጅ ፈተና

ባለፈው ሰሞን የእህቴ ልጅ ቦሌ ወደሚገኘው ቤቴ አኩርፋ መጣች። አንድ መሥሪያ ቤት ባወጣው ክፍት የሥራ ቦታ ተወዳድራ በጽሑፍ ፈተናው አንደኛ ብትወጣም፣ በቃል ፈተናው ነገሩ ተገለበጠና ቦታው ለሌላ ተሰጠ። ሕግ መማሬን አስታውሳ መላ ጠየቀችኝ። እኔ ደግሞ ከአንቀጹ በፊት የአንድ ሰው ታሪክ ነገርኳት።

ነጋድራስ ገብረሕይወት ባይከዳኝ በ1878 ዓ.ም. ዓድዋ አካባቢ ተወለዱ። አባታቸው በ1881 ዓ.ም. በመተማ ጦርነት ሞቱ። ልጁ ምጽዋ ላይ መርከብ ውስጥ ተደብቀው አውሮፓ ገቡ፤ የኦስትሪያ ቤተሰብ አሳደጋቸው፤ በርሊን ሕክምና ተማሩ። ተመልሰውም አፄ ምኒልክን በአስተርጓሚነት አገለገሉ።

በዘመኑ ሹም የሚታወቅ ደመወዝ የለውም። የሚኖረው ከሚያስተዳድረው ገበሬ፣ ዳኛውም ከተሟጋቹ ኪስ ነው። ገብረሕይወት እ.ኤ.አ. በ1912 በታተመው «አፄ ምኒልክና ኢትዮጵያ» የመንግሥት ሀብት ከንጉሡ ሀብት እንዲለይ፣ ግብሩ እንዲወሰን፣ ሕጉም ተጽፎ እንዲታወቅ ጠየቁ። ነገሩን ልብ ላለው፣ የሕዝብን ደመወዝ የሚበላ የሕዝብ ሠራተኛ የሚፈጠረው ከዚህ በኋላ ነው።

የእሳቸውም ሕይወት ለዚህ ምስክር ነው። ወደ ቤተ መንግሥት ያስገባቸው እውቀታቸው ነበር፤ እውቀታቸውን የሚጠብቅ ሕግ ግን አልነበረም። የቤተ መንግሥቱ ሽኩቻ ሲከፋ አገር ጥለው እስከ መሰደድ ደረሱ። ኋላ የባቡሩ ተቆጣጣሪ፣ ቀጥሎም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኑ። በ1911 ዓ.ም. ገና በ33 ዓመታቸው አረፉ። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የታተመው ከሞቱ በኋላ ነው።

የመንግሥት ሠራተኛን ቅጥር የሚመራ ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት የተቋቋመው በ1954 ዓ.ም. ነው፤ ከሞቱ 43 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ዛሬ እዚሁ በከተማችን ምሥራቅ፣ ሲኤምሲ መንገድ ላይ የሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲ አለን። አዋጅ ቁጥር 262/1994ም ሆነ እሱን የተካው 515/1999 ክፍት ቦታ ከተወዳዳሪዎች ብልጫ ላመጣ እንዲሰጥ ደንግገው ነበር። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ አስተዳደር በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞቹን ፈተና ላይ አስቀምጧል። የፈተና ወረቀት አልጠፋም ማለት ነው።

የጠፋው ሌላ ነው። የጽሑፍ ፈተና ውጤት ወረቀት ላይ ይቀራል፤ የቃል ፈተና ነጥብ ግን በፈታኙ ሕሊና ውስጥ ያድራል። ምክንያቱ ካልተጻፈና ተፈታኙ ካላየው፣ ከጥንቱ ባለሟልነት በምን ይለያል?

የእህቴን ልጅ የእያንዳንዱ ፈታኝ ነጥብ ተዘርዝሮ እንዲሰጣት በጽሑፍ እንድታመለክት መከርኳት። ቦታውን ታገኛለች ብዬ አላታለልኳትም። ማመልከቻዋን ግን እዚያው ጠረጴዛዬ ላይ ጽፋ፣ በማግስቱ መዝገብ ቤት አስገብታለች።