አስቴር ጋኖ፣ የቃል ለቃሚዋ ሕይወት

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት የፍቅር ልቦለድ መጻፍ ለጀመሩ የማኅበራችን እህቶች ነው። ሙያው በምን ይለመዳል፣ የተጻፈውስ እንዴት መጽሐፍ ሆኖ ገበያ ይወጣል የሚለው ጥያቄ ስለተደጋገመ፣ ምክር ከመደርደር የአንዲት ሴት ሕይወት ብተርክ ይሻላል ብዬ አስቴር ጋኖን መረጥሁ። አስቴር የታወቁት በፍቅር ልቦለድ አይደለም፤ ይህን ከወዲሁ ልናገር። ነገር ግን ቃል መሰብሰብን፣ መምረጥንና መጻፍን የዕድሜ ልክ ሥራ አድርገው ከያዙ የአገራችን ሴቶች ከቀደሙት አንዷ ናቸው። ያስተማሩትም እዚሁ ነቀምቴ፣ ከእኛ ከአኖ በአንድ መኪና በሚደረስበት ከተማ ነው። አንባቢ ግር እንዳይለው፣ ልጅነታቸውን ስተርክ እሷ፣ መምህርነታቸውን ስተርክ እርሳቸው እላለሁ።

አስቴር ጋኖ ሰልባን የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1872 ገደማ ነው። ስትወለድ ነጻ ነበረች። ኋላ ግን በሊሙ እናርያ ንጉሥ እጅ ባሪያ ሆነች፤ ከዚያም ወደ ባሕር ተነዳች። በዚያን ዘመን ከምዕራቡና ከደቡብ ምዕራቡ አገር የሚወሰዱ ልጆች እስከ ቀይ ባሕር ዳርቻ ተነድተው፣ በጀልባ ወደ ዓረብ አገር ይሻገሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1886 እሷን የጫነችው ጀልባ በኢጣሊያ መርከቦች ተያዘች፤ አስቴርም ነጻ ወጣች። አሥራ አራት ዓመት ቢሆናት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። በረቂቆቻችን ውስጥ ጠለፋ የፍቅር መጀመሪያ ሆኖ ሲቀርብ አይቻለሁ፤ ልጅቷ በፈረስ ትወሰዳለች፣ ታለቅሳለች፣ ምዕራፉ ሳያልቅ ወዳጅ ትሆናለች። ከቤቷ በግድ የተወሰደችን ልጅ ታሪክ በእውነት የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይጽፍም። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕጋችንም ቢሆን ጠላፊው ኋላ ስላገባት ብቻ ከቅጣት አያድነውም። ልቦለድ ጸሐፊዋ ጠለፋን መጻፍ ትችላለች፤ ፍቅር ብላ መሰየም ግን የለባትም ባይ ነኝ።

ኢጣሊያኖቹ አስቴርን የወሰዷት ምጽዋ አጠገብ ወዳለችው ኢምኩሉ፣ ወደ ስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ትምህርት ቤት ነበር። የሚስዮኑ ሰዎች ቤትም ትምህርትም ሰጧት። ፊደል ቆጠረች፣ ትምህርቷን ጨረሰች፣ እዚያው ትምህርት ቤት ሥራ ያዘች። በኢምኩሉ ማተሚያ ቤትም ነበር። ለጸሐፊነት የሚመኙ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚጎድላቸው ይህ ነው፤ የተጻፈ ነገር ወደ ገጽ ሲለወጥ፣ ገጹም መጽሐፍ ሲሆን በዓይን ማየት።

በኢምኩሉ ኦኔሲሞስ ነሲብን አገኘች። ኦኔሲሞስ የተወለደው ኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አጠገብ ነው፤ እሱም በልጅነቱ ተሰርቆ ከእጅ ወደ እጅ ተሽጦ እ.ኤ.አ. በ1870 ምጽዋ ላይ ነጻ የወጣ ነው። ስዊድን አገር ተምሮ ተመልሷል፣ መጽሐፍ ቅዱስንም ወደ ኦሮምኛ ለመተርጎም ተነስቷል። ነገር ግን ከአገሩ የወጣው ገና ሕፃን ሳለ ነው። ቋንቋው ከቤት፣ ከጓዳ፣ ከእናትና ከአያት ጭውውት ብዙ ሳይጠጣ ተቋርጦበታል። አስቴር ደግሞ ከአገሯ የወጣችው ነፍስ ካወቀች በኋላ ነው፤ የሰማችውን አልረሳችም። ኦኔሲሞስ ይህን የቋንቋ ተሰጥኦዋን ቶሎ አስተዋለ፤ የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት የማሰባሰቡ ሥራም ለእሷ ተሰጠ።

ለእኛ ለጀማሪዎቹ ትልቁ ትምህርት ይሄ ይመስለኛል። ሥራዋ የተጀመረው በቃል ለቀማ ነው። አንድ ቃል ከጎረቤቱ ቃል በምን ይለያል? ማን ለማን ይናገረዋል? በቁጣ ነው ወይስ በለሆሳስ? መዝገበ ቃላት የሚሠራ ሰው እነዚህን ሳይጠይቅ አያልፍም። እ.ኤ.አ. በ1893 ለታተመው የኦሮምኛ አዲስ ኪዳን ትርጉም ማቃኛ የሆነው ይኸው የቃላት ስብስብ ነው። የእኛን ረቂቆች ሳነብ የሚያሳዝነኝ ደግሞ በዚሁ ነገር ነው፤ ከጌዶ፣ ከባኮ፣ ከስሬ የመጡ ባለታሪኮች በቴሌቪዥን እንደሚታዩት የቱርክ ድራማ ሰዎች ያወራሉ። በእኛ አካባቢ ልማድ ምራት የአማቶቿን ስም አትጠራም፤ ላጉ ይባላል፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ስሙን ላለመጥራት የምትፈልገው ዘወርዋራ መንገድ ራሱ አንድ ምዕራፍ ይወጣዋል። ይህን ትቶ ሙሽራዋን አማቷን በስሙ እንድትጠራ ማድረግ የእናትን ቤት ሀብት በር ላይ ጥሎ መሄድ ነው።

አስቴር በመዝገበ ቃላት አላቆመችም። የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን የያዘ መጽሐፍ ወደ ኦሮምኛ ተረጎመች። ከዚያም በላይ እንቆቅልሽ፣ ተረት፣ ምሳሌያዊ ንግግርና ዘፈን፣ በጠቅላላው 500 ያህል፣ በጽሑፍ አሰፈረች። ከእነዚህም ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ1894 ኢምኩሉ ላይ በታተመው የጀማሪዎች ማንበቢያ ውስጥ ገቡ። ምስሉን በአእምሯችሁ ሳሉት፤ ሃያዎቹን ዕድሜ ገና የጀመረች ወጣት፣ በባሕር ዳር ሐሩር ውስጥ ተቀምጣ፣ የደጋና የወይና ደጋ አገር ሴቶች እሳት ዳር የሚጫወቱትን በቀለም ትጽፋለች።

ይህ ስብስብ ለፍቅር ታሪክ ጸሐፊ ሩቅ አይደለም። እንቆቅልሽ መልሱን ይዞ ሰሚውን የማቆየት ጥበብ ነው፤ ልብ አንጠልጣይ ልቦለድም ከዚህ የተለየ ሥራ የለውም፣ መልሱን ቶሎ የሚያፈርጥ ጸሐፊ አንባቢውን ያጣል። ምሳሌያዊ ንግግር የሽማግሌ አፍ ነው፤ ልጅቷን ሊጠይቁ የተላኩ ሽማግሌዎች በምሳሌ እንጂ በቀጥታ አይናገሩም፣ አባትየውም በቀጥታ አይመልሱም። ዘፈን ደግሞ ልጅ በአባቷ ፊት ልትለው የማትደፍረውን ነገር በሰው ሁሉ ፊት የምትልበት መንገድ ነው። ሠርግ ቤት ውላችሁ የሙሽራ ሽኝት የሰማችሁ ስለዚህ እኔን አትጠይቁኝም።

አጻጻፉም የራሱ ችግር ነበረው። መጻሕፍቱ የታተሙት በግዕዝ ፊደል ነው። ኦሮምኛ ውስጥ አናባቢ ሲረዝምና ሲያጥር፣ ድምፅ ሲጠብቅና ሲላላ ትርጉም ይለወጣል፤ ፊደሉ ግን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። አንባቢው ቃሉን በትክክል እንዲያነብ የሚረዳው በዙሪያው ያለው ዓረፍተ ነገር ነው። በአማርኛም ያው ነው፤ ገና የሚለው ቃል በዓልም ጊዜም ነው። ዓረፍተ ነገሩን አጥርቶ መገንባት ግድ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ የጻፋችሁትን ለሌላ ሰው ሰጥታችሁ ጮክ ብሎ እንዲያነብላችሁ አድርጉ፣ የሚደናቀፍበት ቦታ መታረም ያለበት ቦታ ነው።

ሁለቱ ሠራተኞች የመዝሙር መጽሐፍም አብረው አዘጋጁ። ሙሉው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ ባዝል አጠገብ ባለችው በቅዱስ ክሪስቾና ታተመ። በሽፋኑ ውስጥ ባለው ገጽ ላይ ተርጓሚ ሆኖ የተመሰገነው ኦኔሲሞስ ነው። የ1894ቱም ማንበቢያ የሚታወቀው በእርሱ ስም ነው። ኦኔሲሞስ ትልቅ ሰው ነው፣ ድካሙም የማይካድ ነው፤ ክብሩን ማንሳቴ አይደለም። ሆኖም ቃላቱን የለቀመች፣ ዘፈኑንና ተረቱን የጻፈች፣ የትርጉሙን ቋንቋ ያቃናች ሴት በብዙ ጽሑፍ ረዳት ተብላ ስትታለፍ እኔን ያመኛል። ረዳት የሚለው ቃል በሴቶች ላይ ሲውል ብዙ ነገር ይሸፍናል። በሱቅም፣ በእርሻም፣ በጉሊትም አይተነዋል።

የገበያውን ነገር የማነሳው ከዚህ ጋር አያይዤ ነው። በአገራችን ብዙ ደራሲ ልቦለዱን የሚያሳትመው ከራሱ ኪስ አውጥቶ ነው፤ ማተሚያ ቤቱ ቅድሚያ ክፍያ ይቀበላል፣ መጽሐፍ ሻጩና አከፋፋዩ ከሽፋኑ ዋጋ ላይ ድርሻቸውን ያነሳሉ፣ ለደራሲዋ የሚተርፈው ከሁሉም በኋላ ነው። በዕቁብ ለማሳተም ያሰባችሁ እህቶች ይህን አስቀድማችሁ በወረቀት ላይ አስሉ። ከገንዘቡ በፊት ግን የስሙን ነገር ጨርሱ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራው አመንጪ ተብሎ የመታወቅን መብት ለደራሲዋ ይሰጣል፤ የብዕር ስም የመጠቀም መብቷንም ይጠብቃል፤ የኢኮኖሚ መብቱ ደግሞ በዕድሜዋ ሙሉና ካረፈች በኋላ 50 ዓመት ለወራሾቿ ይቆያል። ትርጉምም ራሱን የቻለ ሥራ ሆኖ ይጠበቃል። ሁለት ሆናችሁ ከጻፋችሁ የሁለታችሁም ስም ይውጣ፤ የተስማማችሁበትንም ጽፋችሁ ተፈራረሙ። ባሏ ኮምፒዩተር ላይ ስለጻፈላት ብቻ ስሙን ሽፋን ላይ ልታወጣ ያሰበች አባል አለች፤ እኔ አልመክርም፣ በምስጋናው ገጽ ላይ ይበቃዋል።

ወደ አስቴር ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1904 ከኦኔሲሞስና ከሌሎች ኦሮሞዎች ጋር ከኤርትራ ወደ ወለጋ ገቡ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ገደማቸው ነበር፤ ከዚህ በኋላ እርሳቸው እላለሁ። የነቀምቴው ገዥ ደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ፣ በክርስትና ስማቸው ገብረ እግዚአብሔር፣ የሚባሉት ነበሩ፤ ቤተ መንግሥታቸው ዛሬም ከተማው ውስጥ ቆሞ ይጎበኛል። መጤዎቹ ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ አስቴርም ነቀምቴ ላይ መምህርት ሆኑ። ነገሩ ሁሉ ቀና አልነበረም። በኦሮምኛ የማስተማሩና የመስበኩ ሥራ ከካህናት ክስ ገጠመው፣ ኦኔሲሞስም ለዓመታት እንደልቡ እንዳያስተምር ተከለከለ፤ በነጻነት እንዲያስተምር የፈቀዱለት ልጅ ኢያሱ ናቸው። ኦኔሲሞስ እ.ኤ.አ. በ1931 ነቀምቴ ላይ አረፈ። አስቴር ከእርሱ በኋላ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖሩ። የኢጣሊያን ወረራ አዩ፣ ነጻነቱን አዩ፣ የነቀምቴ ልጆች ደብተር ይዘው ሲማሩ አዩ። ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1964 ነው፤ ዘጠና ዓመት አልፏቸው ነበር።

በእርሳቸው ዕድሜ የአገራችን ልቦለድም ተወልዶ አድጓል። እርሳቸው ወለጋ በገቡ በአራተኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1908፣ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልብ ወለድ ታሪክ ሮም ላይ ታተመ፤ ኋላ ጦቢያ በሚል ስም የታወቀው ነው፣ ባለታሪኳም የወንድ ልብስ ለብሳ የምትንከራተት ልጃገረድ ናት። እርሳቸው ካረፉ ብዙም ሳይቆይ በ1958 ዓ.ም. የሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብር ወጣ፤ በኋላም በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ ማንበብ የማይችሉ እናቶች ሳይቀሩ የሰብለ ወንጌልንና የበዛብህን ነገር አወቁት። ሁለቱንም የጻፉት ወንዶች ናቸው። ጥሩ አድርገው ጽፈዋል። ነገር ግን ሰብለ ከእናቷ ጋር ጓዳ ውስጥ ብቻቸውን ሲሆኑ የሚባባሉትን ጓዳ ያደገች ሴት ብትጽፈው ምን ይመስል እንደነበር ሁልጊዜ አስባለሁ።

ስዊድናዊው የታሪክ ጸሐፊ ጉስታቭ አሬን እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት መጽሐፍ አንድ ነገር መዝግበዋል። አስቴር ከሰበሰቧቸው ተረቶች፣ ዘፈኖችና አባባሎች ማንበቢያው ውስጥ ያልገባ ብዙ ጽሑፍ ነበረ፤ በእጅ እንደተጻፈ በኦኔሲሞስ ወራሾች ቤት ተቀምጧል።