አንድ አዋጅ፣ ሦስት መክተቻ፦ ዳግማዊ ምኒልክና የመልእክት ሥርጭት

የዳግማዊ አፄ ምኒልክ ታሪክ በብዙ ብዕር ተጽፏል። የዓድዋ ድል፣ የአዲስ አበባ መቆርቆር፣ የባቡሩ ሐዲድ በየፈርጁ ተወስቷል። በየዕለቱ የመረብ ማከፋፈያ ለሚያስተዳድረው የማኅበራችን አባል ግን ንጉሠ ነገሥቱ የሚቀርቡት በሌላ በር ነው፤ አንድን ቃል ለብዙዎች፣ በየሚገባቸው መንገድ ማድረስ ከሥራዎቻቸው ዋነኛው ነበርና።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም. ሲሞቱ በአፄ ቴዎድሮስ እጅ ወደቁ፤ ኋላም ከላስታ ደጋ በስተደቡብ በምትገኘው በመቅደላ አምባ በግዞት ኖሩ። በ1857 ዓ.ም. ከአምባው አምልጠው ሲወርዱ የወሎዋ እመቤት ወይዘሮ ወርቂት መልሰው ለቴዎድሮስ ሳይሰጡ አሳለፏቸው። ሸዋ ገብተው ነገሡ፤ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ደግሞ እንጦጦ ላይ የንጉሠ ነገሥትነቱን ዘውድ ጫኑ።

ዘመኑ ክፉ ቀን ነበር። ከብቱ በበሽታ አለቀ፤ የሰሜኑ ደጋ በረኃብ ተራቆተ። አገሩ ገና ሳያገግም የኢጣልያ ጦር ትግራይ ገባ። መስከረም 7 ቀን 1888 ዓ.ም. የወጣው የክተት አዋጅ መታየት ያለበት በዚህ ሁኔታ ውስጥ ነው።

አዋጁ አንድ ነበር፤ መክተቻው ግን ሦስት። የሸዋ ሰው ወረኢሉ፣ የበጌምድር፣ የደምቢያና የቋራ ሰው አሸንጌ፣ የሰሜን፣ የወልቃይትና የጠገዴ ሰው መቀሌ እንዲከት ታዘዘ። በእኔ አስተያየት የምኒልክ ብልኃት ከጦር ሜዳው ይልቅ እዚህ ላይ ጎልቶ ይታያል። የሰሜኑ ሰው ሁሉ ወረኢሉ ተጠርቶ ቢሆን ኖሮ የበሽሎን ሸለቆ ወደ ደቡብ ተሻግሮ መልሶ ወደ ሰሜን መዝመት በሆነበት ነበር፤ በረኃብ የተጎዳው የመንገዱ ባላገርም ያንን ሁሉ ሠራዊት መቀለብ ባልቻለ። የዋግና የላስታ ሰው በዋግሹም ጓንጉል ሥር ዘመተ፤ ዋግሹም ጓንጉል ኅዳር 28 ቀን በአምባላጌው ውጊያ ከተሰለፉት መኳንንት አንዱ ነበሩ። የካቲት 23 ቀን ዓድዋ ላይ የሆነው የታወቀ ነው።

የዛሬው ስዊች ከዚሁ ችግር ጋር ይታገላል። ለአንድ ቡድን የተላከ የመልቲካስት ፍሰት ሲደርሰው አባላቱ በየትኛው ፖርት እንዳሉ ካላወቀ በሁሉም ፖርት ይለቀዋል፤ ያልጠየቀውም ይጥለቀለቃል። አይጂኤምፒ ስኑፒንግ በተባለው አሠራር ግን ተቀባዮች የሚልኩትን የአባልነት ማስታወቂያ እያዳመጠ ፍሰቱን ወደ ጠየቁት ብቻ ይመራል፤ ቅጂውም የሚባዛው መንገዱ በሚለያይበት ቦታ ነው። ኩዌሪየር የተባለው ጠያቂ በተለመደው ልክ በየ125 ሴኮንዱ አባላቱን ይጠይቃል፤ 260 ሴኮንድ መልስ ያልተሰማበት ፖርት ይሠረዛል። ጠያቂ ባልተሰየመበት መረብ ላይ ምስሉ ጥቂት ደቂቃ ታይቶ የሚቋረጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ ብዙ ባልደረቦቻችን ግን ጥፋቱን ኬብል ላይ ሲፈልጉ ይውላሉ። በምኒልክ አዋጅ አባልነት በውድ እንዳልነበረ ግን አይዘነጋም፤ ተቀባዩን የሚመዘግበው አገሩ ነበር።

ስልክ የመጣው ከአዋጁ ቀደም ብሎ ነው። ኋላ ራስ የተባሉት ደጃዝማች መኰንን ከኢጣልያ ሲመለሱ መሣሪያውን አመጡ፤ ከቤተ መንግሥቱ እስከ ግምጃ ቤቱ ተዘረጋ። ካህናቱ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ቢቃወሙም ንጉሠ ነገሥቱ አልተመለሱም። 477 ኪሎ ሜትር የሆነው የሐረርና የአዲስ አበባ መስመር ተከተለ፤ ከ1894 እስከ 1896 ዓ.ም. ደግሞ ኢጣልያኖች የአስመራን ቴሌግራፍ እስከ አዲስ አበባ ዘረጉ። ላሊበላ ከመስመሩ ወጣ ብላ ስለቀረች የላስታ ሰው የቤተ መንግሥቱን ቃል መስማቱን የቀጠለው በእግረኛ መልእክተኛና በገበያ ነጋሪት ነው። ብዙ ጣቢያ በአንድ ሽቦ ላይ ሲደረደር ለአንዱ የተነገረውን ሌላውም ሊያዳምጥ ይችላል፤ ነጋሪት ግን ለተሰበሰበው ሁሉ በግልጽ ይጎሰማል።

በ1901 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አድርገው ካስታወቁ በኋላ ሕመሙ አንደበታቸውን ያዘው። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሞታቸው በአዋጅ አልተነገረም። አስከሬናቸው በቤተ መንግሥቱ ክልል በምሥጢር ተቀመጠ፤ ከዓመታት በኋላ በበአታ ለማርያም ዐረፈ።