የአበበ ቢቂላ ታሪክ

የሰው ዕውቀት በብዙ መንገድ ይገለጣል። አንዱ በንባቡ፥ አንዱ በእጁ ሥራ፥ አንዱም በእግሩ ይታወቃል። ስጦታ ግን የሚያስተውለውና የሚያሠለጥነው ካላገኘ ተሰውሮ ይቀራል። ይህንም ከአበበ ቢቂላ ታሪክ መረዳት ይቻላል።

አበበ በ1924 ዓ.ም. ጃቶ በምትባል መንደር ከባላገር ቤተ ሰብ ተወለደ። በልጅነቱ የገና ጨዋታ ይወድ ነበር። ባደገም ጊዜ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ የክብር ዘበኛ ወታደር ሆነ። በዚያም ወራት ከሱሉልታ ኮረብቶች እስከ ከተማው 20 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገድ በሩጫ ይመላለስ እንደ ነበር ይነገራል። መንገደኛ ቢያየው ወደ ሥራው የሚቸኵል ወታደር እንጂ ዓለምን የሚያስደንቅ ሰው አይመስለውም ነበር።

ኦኒ ኒስካነን የተባለ የስዊድን መኰንን ግን ስጦታውን አስተዋለ፤ በትጋትና በልክም አሠለጠነው።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ በተደረገው የኦሊምፒክ ማራቶን አበበ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በባዶ እግሩ ሮጠ። ጕልበቱን በከንቱ አልጨረሰም። ከአክሱም ተወስዶ በዚያ ዘመን በሮማ ቆሞ በነበረው ሐውልት አጠገብ ሲደርስ የሞሮኮውን ራዲን ጥሎት ሄደ። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰኮንድም አንደኛ ሆኖ ፈጸመ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ደግሞ፥ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ሁለት ወር ሳይሞላው፥ በቶኪዮ ሁለተኛ አሸነፈ።

በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። እርሱ ግን ተስፋ አልቈረጠም፤ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በእንግሊዝ አገር በቀስት ውድድር ተሰለፈ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ዐረፈ።

ልጆች ሆይ፥ ንባብንና ሒሳብን አትናቁ፤ ለሥራ ሁሉ ይረዳሉና። ነገር ግን በንባብ የዘገየውን ጓደኛችሁን ደንቆሮ ብላችሁ አትሳቁበት። ምናልባት እንጨት በመጥረብ፥ ወይም በዜማ፥ ወይም ከብትን በማወቅ ከእናንተ ይበልጥ ይሆናል። እናንተም የምትወዱት መልካም ሥራ ካለ አትሰውሩት፤ ለአስተማሪያችሁ አሳዩት፥ ዕለት ዕለትም ትጉበት። ኒስካነን ባያስተውል፥ አበበም ባይተጋ ኖሮ፥ ያ ታላቅ ስጦታ በሱሉልታ መንገድ ላይ ሳይታወቅ በቀረ ነበር።