ሌስሊ ብራውንና የሻላ ደሴት ወፎች

ሶደሬ ወርዶ በፍል ውኃው ድካሙን ያራገፈ ሠራተኛ፣ በአዋሽ ዳር ዛፎች ላይ የሚንጫጩትን ወፎች ሳያስተውል አይመለስም። ይኸው ሠራተኛ ከስምጥ ሸለቆው ሳይወጣ፣ ከሞጆ ወደ ደቡብ የሚወስደውን መንገድ ይዞ አቢጃታና ሻላ ሐይቆች ቢደርስ ግን ፈጽሞ ሌላ የወፍ ማኅበር ይገጥመዋል። ይህ የአሠፋፈር ልዩነት ከአጋጣሚ የመጣ ነውን? አለመሆኑን በተጨባጭ ማስረጃ ካሳዩት ሰዎች አንዱ ሌስሊ ብራውን ነው። የሕይወቱን ታሪክ ባጭሩ እንመለከታለን፤ ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ብራውን በ1917 ሕንድ አገር ተወለደ። ሙያው እርሻ ሲሆን፣ በናይጄሪያ፣ ኋላም በኬንያ የእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ሹም ሆኖ አገልግሏል። ይህን የምንሸፍንበት ምክንያት የለም፤ የአፍሪካን ገበሬ ከመሬቱ ባፈናቀለ ሥርዓት ውስጥ እንጀራውን የበላ ሰው ነበር። ስሙን ያስጠራው ግን ማንም ሳያዘው በትርፍ ጊዜው የሠራው ሥራ ነው። ኤምቡ አጠገብ በአንድ ኮረብታ ላይ ጎጆ የሠሩ ልዩ ልዩ ዓይነት ንስሮችን ለዓመታት እየተመላለሰ መረመረ። በ1954 ደግሞ ፍላሚንጎዎች የሚፈለፈሉበትን ቦታ ፍለጋ በናትሮን ሐይቅ የሶዳ ጭቃ ውስጥ በእግሩ ገባ። ጫማው ውስጥ የገባው ሶዳ እግሩን አቃጥሎና ልጦ ለሆስፒታል አልጋ ዳረገው። ከቢሮ ወንበራችን ሳንነሳ ስለ ተፈጥሮ የምንጽፍ እኛ ይህን ስናነብ ጥቂት ማፈራችን አልቀረም።

በአቢጃታ ዳርቻም የሚታዩት ሁለቱ የፍላሚንጎ ዓይነቶች ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ትንሹ ፍላሚንጎ በውኃው ላይ የሚንሳፈፈውን ደቃቅ አረንጓዴ ዋቅላሚ በመንቆሩ ያጠልላል፤ ትልቁ ግን ከሥር ያለውን ጭቃ እያመሰ ጥቃቅን ነፍሳትን ይለቅማል። መንቆራቸው ስለሚለያይ ምግባቸው ተለያየ፤ ስለዚህም ባንድ ሐይቅ ላይ ሳይሻሙ ይኖራሉ።

ብራውን ኬንያ ነፃ በወጣችበት በ1963 ሥራውን ለቀቀ። ከዚያም በኢትዮጵያ ተራሮች የደጋ አጋዘንን አጠና፤ በ1965 ስለ አገራችን ጉዞው መጽሐፍ አሳተመ። ለእኛ ትልቁ ሥራው ግን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ከነበረው ከኤሚል ኧርባን ጋር በሻላ ደሴት የሚራቡትን ነጭ ፔሊካኖች ማጥናቱና ውጤቱን በ1969 ማሳተሙ ነው።

ሻላ እስከ 266 ሜትር የሚጠልቅ ጨዋማ ሐይቅ ነው። ፔሊካንን የሚመግብ በቂ ዓሣ የለውም። ታዲያ ያ ግዙፍ ወፍ ምን ሊሠራ እዚያ ይፈለፈላል? ደሴቱን ውኃ ስለከበበው ጅብና ቀበሮ አይደርሱበትም። ምግቡ ደግሞ ከጋራው ማዶ፣ ቆሮሶ ዓሣ በሞላበት ጥልቀት አልባ አቢጃታ ነበር። ፔሊካኖቹ ፀሐይ ምድሩን እስክታሞቀው ጠብቀው፣ ወደ ላይ በሚነሣው ሞቃት አየር እየተንሳፈፉ ጋራውን ይሻገራሉ፤ ዓሣ ጠግበውም ወደ ጫጩቶቻቸው ይመለሳሉ። በደሴቱ ላይ ስፍራ ጠባብ ስለሆነ ጎጆዎቹ ጎን ለጎን ይታጨቃሉ። ሽሚያው እዚያው ጎጆ ውስጥ ይጀምራል፤ ብዙውን ጊዜ ከሚጣሉት ሁለት እንቁላሎች የሚያድገው ጫጩት አንድ ብቻ ነው።

ብራውን በ1980 ሞተ። ከዚያ ወዲህ ባሉት አሥርተ ዓመታት ለመስኖ ከዝዋይና ከቡልቡላ ወንዝ የሚቀዳው፣ ለሶዳ ምርት ከራሱ ከአቢጃታ የተሳበው ውኃ ሐይቁን እያሸሸ ጨውነቱን አበዛው፤ ዓሣውም ጠፋ። የሻላ ደሴት ዛሬም እንደቀድሞው በጥልቁ ውኃ እንደተከበበ ነው። ፔሊካኖቹ ግን እጅግ ተመናምነዋል፤ ዓሣ የሚያገኙት ከአቢጃታ አልፈው ርቀው ሲበርሩ ነው።